የባለቤቴ ማንኪያና የአዋሽ ቢልጫ

ባለቤቴ ማንኪያ መቁጠር የጀመረችው በእኔ ምክንያት ነው። ስንጋባ አንድ ደርዘን የነበረው የሾርባ ማንኪያ አሁን ሰባት ቀርቷል። አምስቱ የት እንደገቡ ታውቃለች። ሁለቱ አዋሽ ውስጥ ድንጋይ ሥር ናቸው። አንዱ ወንዙ ዳር ያለች ግራር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሁለቱ ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ግን እጀታ የላቸውም፣ ከላይም ከታችም ተበስተዋል። "እንግዳ ቢመጣ ሾርባውን በጭልፋ ልስጠው?" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

የምኖረው ዓለም ገና ነው። አዲስ አበባ አለቀች ብለህ ስታስብ የምትጀምር ሰፈር። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ቡታጅራ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ የቡታጅራውን እይዛለሁ። አዋሽ መልካ ስደርስ ሰማዩ ገና መንጋቱ ነው። ቦታውን ብዙ ሰው የሚያውቀው መልካ ቁንጥሬ በሚለው ስሙ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ቱሪስቶች የጥንት ሰዎች የጠረቡትን ድንጋይና ባልጩት ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ።

"ለምን ቅርብ ወዳለው አትሄድም?" የሚሉኝ አሉ። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ናቸው፤ ዘንግ ይዞ እዚያ መንጎራደድ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ ነው። አባ ሳሙኤል አለ፤ ግን የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ የሚራገፈው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ፌስታልና አንድ የሕፃን ጫማ አወጣሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ይህን ሳያይ የተተረተ ነው። ዓሣ ባገኝም ቤቴ አይገባም ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች ያምራሉ፤ ባቦጋያ ውስጥ ቆሮሶም አምባዛም አለ። ግን ከዓለም ገና ቢሾፍቱ ለመድረስ ከተማውን ዞሮ መሄድ አለ። ሰነፍ ነኝ። ስለዚህ አዋሽ።

አሁን ወደ ማማለያው ልምጣ። ዓሣ በትል ማጥመድን ሁሉም ያውቃል። ሰው ሠራሽ ማማለያ ግን ትል የለውም፣ ሊጥ የለውም፣ ሽታ የለውም። ብረት፣ እንጨት ወይም ጎማ ነው፤ መንጠቆ ተሰክቶበታል። ውሃ ውስጥ ስትጎትተው ትንሽ ዓሣ ይመስላል፣ ወይም ቢያንስ ትንሽ ዓሣ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ይመጣና ይነክሰዋል። ባጭሩ ውሸት ነው። እኔም ቤት ውስጥ "ውሸቶቼ የት አሉ?" እያልኩ ነው የምፈልጋቸው።

መጀመሪያ የመጡልኝ ውሸቶች የስዊድን ናቸው። የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ይኖራል። ለገና ሲመጣ አንድ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው እንደ ሕፃን ፈነጠዝኩ። 40 ማማለያ! አረንጓዴ ከወርቃማ፣ ሮዝ ከጥቁር፣ ዓይን የተሳለላቸው፣ ቅርፊት የተሳለላቸው። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው አመሸሁ። ያን ቀን ልብ ማለት ነበረብኝ። እነዚህን ነገሮች ዓሣ አይገዛቸውም። የሚገዛቸው ሰው ነው፤ ስለዚህ የተሠሩት መጀመሪያ ሰውን እንዲያጠምዱ ነው። እኔ ደግሞ ወዲያው ተነከስኩ።

አንድ ሙሉ በጋ በእነሱ ወረወርኩ። ምንም። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ጎሸም አድርጎኝ ሄደ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እነዚያ ማማለያዎች የተሠሩት ለፓይክ ነው። ፓይክ የሰሜኑ ዓለም አዳኝ ዓሣ ነው። አፉ ጠፍጣፋና ረጅም፣ ጥርሱ መርፌ። ሣር ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል፤ ትልቅ ዓሣ ሳይቀር ይውጣል። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማማለያ ለእሱ ቁርስ ነው። ዩቲዩብ ላይ የማያቸው ሰዎችም ስለ ፓይክ ነበር የሚያወሩት። ከማማለያው በፊት ሽቦ እሰሩ፣ አለበለዚያ ጥርሱ ክሩን ይበጥሰዋል ይላሉ። እኔም ታዛዥ ተማሪ ነኝ፤ ሽቦ አሰርኩ። የእኛዋ አዋሽ ጠርታ በምትታይበት በታኅሣሥ ወር፣ የእርሳስ ያህል የወፈረ ሽቦ የመሰለ ነገር እየጎተትኩ ዓሣ እጠብቃለሁ።

ያዳነኝ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ናይለን ክር እንጨት ላይ ጠምጥሞ፣ አንድ መንጠቆና ትል ይዞ፣ እኔ ባዶ እጄን በምመለስባቸው ቀናት ሁለት ሦስት ቢልጫ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን መጥቶ ሽቦዬን ነካ ነካ አደረገና፣

"ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?" አለኝ።

"ጥርሱ ክሩን እንዳይቆርጠው።"

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ከሣሩ ላይ አንዱን ቢልጫ አንስቶ አፉን በሁለት ጣቱ ከፈተልኝ።

"ጥርስ የለውም እኮ።"

እውነቱን ነው። ቢልጫ የካርፕ ዘመድ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። የያዙትን ወደ ውስጥ ይስቡና እዚያ ያደቁታል። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እዚያ ከ15 የማያንሱ የቢልጫ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነሱ 8ቱ ኑሯቸው ሌላ ዓሣ በመብላት ነው፤ ያውም አንድ የመንጋጋ ጥርስ ሳይኖራቸው። የአዋሹ ደግሞ ግማሽ አዳኝ ነው እንበል። ነፍሳትም፣ ቀንድ አውጣም፣ ቅጠልም ይበላል፤ ሲያድግ ትንንሽ ዓሣ ያባርራል። አፉ ግን ትንሽ ነው፤ ከንፈሩ ወፍራም። የስዊድኑን ቁርስ ሲያይ ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ። ምናልባት ይሸሻል።

ሽቦውን የዚያኑ ዕለት ፈታሁ። ጥርሰኛው፣ ክር የሚበጥሰው ዓሣ እኛም አገር አለ፤ ጫሞና ኦሞ። እዚያ ስሄድ አስረዋለሁ።

ከዚያ ነው ማንኪያው የመጣው። የማንኪያ ታሪክ ደግሞ ደስ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ጁሊዮ ቡኤል የሚባል ሰው ሐይቅ ላይ ሲበላ ማንኪያው አምልጦት ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ እየተገለባበጠ ሲሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ጎረሰው ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1852 በዚህ ዓይነት ማማለያ የፈጠራ መብት ማስመዝገቡ እውነት ነው። ሥራው ቀላል ነው። እጀታውን ትቆርጣለህ። ጎድጓዳውን ላይና ታች ትበሳለህ። በአንዱ ቀዳዳ ትንሽ የቁልፍ ቀለበት አስገብተህ መንጠቆ ታንጠለጥላለህ፤ በሌላው ክር ታስራለህ። ሰፈራችን በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት አለ። ልጁ የመጀመሪያ ቀን "ጋሼ ሰላም ነህ ግን?" ብሎኛል። አሁን ስገባ ራሱ መሰርሰሪያውን ያነሳል።

ማንኪያ የሚሠራበት ምክንያት ጎድጓዳነቱ ነው። ስትጎትተው ውሃው አንዱን ጎን ይገፋል፣ ይንጋደዳል፣ ተመልሶ ይወዛወዛል፣ ብርሃኑን ጣል ያደርጋል፣ ያጠፋል። የተጎዳ ትንሽ ዓሣ እንዲህ ነው የሚዋኘው። በጣም ከፈጠንክ ግን መወዛወዙን ይተውና እንደ እንዝርት መሽከርከር ይጀምራል፤ ክርህም አብሮ ይጠመዘዛል። የሾርባ ማንኪያ ለቢልጫ ትንሽ ይበዛል። ትክክለኛው የሻይ ማንኪያ ነው። የሻይ ማንኪያውን ባለቤቴ ገና አልቆጠረችም። ይህን ካነበበች ጉድ ፈላ።

መርካቶም ሞክሬያለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ "ኦሪጅናል የጃፓን" የተባልኩትን ባለ ሦስት መንጠቆ ማማለያ ገዛሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ዓሣ ያዘልኝ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ልቤ አፌ ደረሰ፣ ከዚያ ድንገት ባዶ። ሳወጣው ሦስቱም መንጠቆ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መንጠቆ ስገዛ መጀመሪያ በጉጠት ይዤ እጎትተዋለሁ። ጫፉን ደግሞ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አስቀምጣለሁ። ከተንሸራተተ ዶልዱሟል፤ ሞረድ ያስፈልገዋል። ጥፍሬን ጨምድዶ ከያዘ ደህና ነው። ማማለያ ላይ ብዙ ብር ከማጥፋት መንጠቆ ላይ ማጥፋት ይሻላል። ይህን በነፃ እሰጣችኋለሁ።

የትኛውን ልወርውር የሚለው ጥያቄ ላይ አሁን የማየው ሳጥኑን አይደለም፤ ውሃውን ነው። አዋሽ በክረምት ወተት የበዛበት ሻይ ትመስላለች። በቾ ሜዳ ላይ ሞልታ ማሳ ታጥለቀልቃለች፤ አፈሩን ሁሉ ይዛ ትወርዳለች። በዚያ ውሃ ውስጥ የቅርፊት ሥዕል ለማን ነው? ዓሣው አፍንጫው ሥር ካልደረሰ አያየውም። ግን ይሰማዋል። ዓሣ በጎኑ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ መስመር አለው፤ በእሱ የውሃውን ንዝረት ያነባል። ስለዚህ ውሃ ሲደፈርስ የምመርጠው የሚንቀጠቀጠውን ነው። ስፒነር የሚባል አለ፤ በሽቦ ዙሪያ የምትሽከረከር ቅጠል የምታክል ብረት ያለው። ስትጎትተው ንዝረቱ እስከ እጄ ይመጣል። እኔ ጋ ከደረሰ ዓሣው ጋ አይደርስም?

ቀለም ላይ ብዙ ክርክር አለ። እኔ ትንሽ ነው የማምነው። ጥርት ባለ ውሃና በፀሐይ ቀን ነጭ ብረት፤ ሲደመን መዳብ፤ ሲደፈርስ ወይም ሲመሽ ጥቁር። ጥቁር ሲባል ሰው ይስቃል። ግን ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚያየው ከታች ወደ ላይ ነው። ከኋላው ሰማይ አለ። ሰማይ ላይ ከጥቁር የበለጠ ቅርፁ የሚለይ ነገር የለም። ቀይ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ነው የሚያምረው። ጥርት ያለ ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀለም ቀዩን ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ጥቁርነት ይጠጋል። ለጥቁር ደግሞ የጥቁር ዋጋ ልክፈል እንጂ።

ከቀለም ይልቅ ጥልቀት። ማንኪያውን ከወረወርኩ በኋላ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ እጎትታለሁ። ካልነካኝ በሚቀጥለው እስከ አራት፣ ቀጥሎ እስከ አምስት። ድንጋይ ሲነካ ወለሉን አገኘሁ ማለት ነው፤ አንድ ቀንሼ እዚያው ከፍታ ላይ እቆያለሁ። ሁለት ማንኪያ ያጣሁት ይህን ከመማሬ በፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ብርድ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣውም ይቀዘቅዛል፤ ሮጦ አይይዝም። ስለዚህ ዝግ። ዝግ ብለህ ደግሞ መሃል ላይ አቁም። ማማለያው ጭራውን አጥፎ መስመጥ ሲጀምር ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው። እኔ ለማቆም ትዕግሥት አልነበረኝም። አሁንም ሲደብረኝ እጄ ይፈጥናል።

የበረዶ አገር ሰዎችን አማሁ መሰለኝ፤ አንዱን ላመስግን። ላውሪ ራፓላ የሚባል የፊንላንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሐይቁ ላይ ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ሲሄዱ፣ አዳኙ መጥቶ የሚመርጠው ደህናዎቹን ሳይሆን ትንሽ የሚንገዳገደውን መሆኑን ልብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ አንድ ዓሣ ጠረበ። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ሲፈልግ የቸኮላት መጠቅለያ ወረቀት ለጠፈበት። ላዩን የሚቀባው ቢያጣ የፎቶ ነጌቲቭ አቅልጦ ቀባው። ያ እጅ ሥራ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጥ ስም ሆኗል። እኔን የሚማርከኝ ግን ድርጅቱ አይደለም፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ የራሱን ሐይቅ ማየቱ ነው።

እኔም የወይን ጠርሙስ ቡሽ ጠርቤ ሞክሬያለሁ። አገጩ ላይ ከውሃ ፕላስቲክ የቆረጥኩትን ምላስ ሰካሁበት። ምላሱ ነው ዓሣውን የሚያስወዛውዘውና ወደ ታች የሚያወርደው። ወደ ፊት ከተዘረጋ ጠለቅ ይላል፤ ወደ ታች ከተተከለ ከላይ ከላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው በጀርባው ዋኘ። ሁለተኛው ወደ ግራ እየዞረ ወደ እኔ ተመለሰ። አራተኛው ዋኘ። ሦስት ጣት የምታክል አስቀያሚ ነገር፤ በልጄ የጥፍር ቀለም ጥቁር ቀባኋት። በኅዳር አንድ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቢልጫ ጎረሳት። ወንዙ ዳር ብቻዬን እልል አልኩ። ከማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ዘወር ብለው አዩኝ። ያ ዓሣ ምሳ ሆነ። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው፤ ቢልጫ እሾኹ ብዙ ስለሆነ ብልሃቱ እጥፍ ነው።

ክረምት ላይ አላጠምድም። ቢልጫ ዝናብ ሲመጣ ጠጠር ወዳለበት ወደ ገባር ወንዝ ወጥቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ቆሞ መጠበቅ አያስመሰግንም።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። ዓይኑ ትንሽ ነው፤ አብዝቶ የሚያምነው ጢሙን ነው፣ በጢሙ ይቀምሳል፣ ይዳስሳል። ብረት ምን ይሠራለታል ትላላችሁ። ግን ይመጣል። በተለይ ሲመሽ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ፍጥነት ሳያቋርጥ ለሚሄድ ነገር። ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ኦካቫንጎ ላይ አምባዛዎች በመቶዎች ተሰብስበው ትንንሽ ዓሣ እያዋከቡ ያድናሉ። የእኛ ወንዝ ላይ ይህን አላየሁም። አንድ ብቻ ይዣለሁ፤ መንጠቆውን ስፈታለት ሣር ላይ ተኝቶ አየኝ። አየር መተንፈስ ስለሚችል አይቸኩልም። እኔ ነበርኩ የቸኮልኩት። የመንጠቆውን ጀርባ ሹል በጉጠት መጫን የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ ከእሱም አፍ ከእኔም እጅ ቶሎ ይወጣል። የእኔ እጅ ምስክር ነው።

የስዊድኑ ሳጥን አልጋ ሥር ነው። ወንዝ የምወርደው አሁን ሦስት ነገር ይዤ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ስፒነር፣ አንዷ ጥቁሯ ቡሽ። የአክስቴ ልጅ ሲደውል "ሠሩልህ?" ይለኛል። "በጣም" እላለሁ። ውሸት የምናገረው ለዓሣ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ከብት ጠባቂ ልጅ እንደ ልማዱ መጣ። አድጓል፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ማንኪያውን በእጁ አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። የቢራ ቆርኪ ነው፤ ለሁለት አጥፎታል፣ ውስጡ ጠጠር ከቶበታል፣ በሚስማር በስቶታል። ጆሮዬ አጠገብ አንቀጫቀጨው። ካየሁት ውሸት ሁሉ ይህን ውሃ የሚያውቅ እሱ ነው።

"ማን አሳየህ?" አልኩት።

"ማንም።"

"ማንኪያውን ውሰደው ባክህ፣ ሌላ አለኝ።"

"አይ ጋሼ፣ ማንኪያውን አልፈልግም" አለ። "መንጠቆ ካለህ ግን ስጠኝ።"

ማታ ቤት ስገባ አልጋ ሥር ተጎንብሼ ሳጥኑን ሳብኩት። ጉጠት ይዤ ቁጭ አልኩ። የስዊድን መንጠቆ ጥሩ ብረት ነው።